ስም ከነአባት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቸኮልን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ቀን ሥራ በዝቶበት ነበር መሰለኝ። በሰባት ወሩ ስለተወለደ ቸኮል ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ተቻኩሎ ሲያደርግ ያየው ሰው የለም። ሻይ ሲጠጣ ሻዩ ይበርዳል። ሊፍት ሲመጣ «እናንተ ቅደሙ» ብሎ ይቀራል። አንድ ነገር ጠይቃችሁት መልሱን ስትጠብቁ፣ ጥያቄውን ራሳችሁ ትረሱታላችሁ። እኔ ብዙነሽ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ታዲያ የሕይወቴ ትልቁ ጉዳይ በዚህ ሰው እጅ ሲወድቅ ምን እንደተሰማኝ እናንተው ገምቱት።

ቸኮል ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ውስጥ ባለ አንድ የጽዳት ኩባንያ የኢሜይል ሰርቨር ጠባቂ ነው። እኔም የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ነበርኩ። አራት መቶ ሰው ከሻርጃ እስከ ዱባይ መስኮት ያብሳል፣ ወለል ይወለውላል፤ የዚህ ሁሉ ሰው አለቆች፣ ደንበኞችና መሥሪያ ቤቶች የሚጻጻፉት ደብዳቤ በእሱ ጠባብ ክፍል ውስጥ በምታጉረመርም አንዲት ማሽን በኩል ያልፋል። ክፍሉ ይበርዳል። ቸኮል ሹራብ ለብሶ ይውላል፤ ውጭ ያለውን የነሐሴ ሙቀት ላየ ሰው ያስቃል።

የዳንግላ ሰው ነው። አባቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁልፍ የሚውለው በእሳቸው ኪስ ነበር። ያኔ ለአካባቢው ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚመጣው በዚያች አንዲት ሣጥን ነው። ፖስታው ላይ «ይድረስ ለእገሌ፣ በመምህር እገሌ በኩል» ተብሎ ይጻፋል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አባትየው ደረጃው ላይ ቆመው፣ ደብዳቤ የመጣለትን ሰው ስም ከነአባት ይጠራሉ። «አቤት!» ያለ ይወስዳል። ባለቤት ያልተገኘለትን ደብዳቤ አይጥሉትም፣ አይመልሱትም፤ የቢሮው መስኮት ላይ ይሰኩታል። «ዛሬ የለም ማለት የለም ማለት አይደለም» ይሉ ነበር አሉ። ቸኮል ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ይለወጣል። አባቱን ይወዳቸው ነበር።

ወደዚህ አገር የመጣው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በኦፊስ ቦይነት ነው። ሻይ ያፈላል፣ ወረቀት ያባዛል። እዚህም ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም፤ ኩባንያው የራሱ የፖስታ ሣጥን አለው። ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት «ሂድና ደብዳቤ አምጣ» ብለው ቁልፉን ሰጡት። ቸኮል ቁልፉን ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ፤ እኔ አላጋነንኩም።

ያኔ ኢሜይሉን የሚጠብቀው ሻጂ የሚባል ሕንዳዊ ነበር። ሻጂ አንድ ነገር ልብ አለ። ከባንክ፣ ከሆስፒታል፣ ከኤጀንሲ የሚመጣው ፖስታ ላይ የሠራተኛው ስም መቼም በትክክል አይጻፍም፤ ቸኮል ግን የተበላሸውን ስም አይቶ ባለቤቱን ያገኛል። «ና፣ ለእኔ ማሽን የሚያስፈልጋት እንዳንተ ያለ ሰው ነው» አለው። ስድስት ዓመት አስተማረው። ሻጂ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ቸኮል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ደመወዙ የሻጂን አያህልም፤ ሰውዬው ግን ቅር አላለውም።

ሥራውን አንድ ቀን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። «ብዙዬ፣ ሰው ደብዳቤ የሚልከው በሚያውቀው ስም ነው። ሣጥኑ ደግሞ የሚያውቀው የራሱን ስም ብቻ ነው። እኔ ሁለቱን አስተዋውቃለሁ።» ማሽኗ ውስጥ ሁለት ዝርዝር አለ። አንደኛው ለሚገባ ደብዳቤ ነው፤ በግራ ሰው የሚጽፈው ስም፣ በቀኝ ደብዳቤው የሚገባበት ትክክለኛ ሣጥን። «ማኔጀር» ብሎ የጻፈም፣ በስሙ የጻፈም፣ አንድ ፊደል የገደፈም እዚያው ሣጥን ይደርሳል። ሁለተኛው ለሚወጣ ደብዳቤ ነው፤ ሠራተኛው ከውስጥ በቁጥር ይታወቃል፣ ደብዳቤው በሩን ሲወጣ ግን ማሽኗ ቁጥሩን ፍቃ የሰው ስም ታለብሰዋለች። ለእኔ ያኔ ይህ ሁሉ ተረት ነበር። ኋላ ነው የገባኝ።

ስለ እኔ ትንሽ ልበል፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የወልድያ ልጅ ነኝ። ስድስት ዓመት ዱባይ፣ አል ማምዛር ውስጥ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም ስሜ ስለከበዳት «ቡቡ» ትለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ቡቡ ነበርኩ። አባቴ አንዳርጌ የሞተው በአራተኛው ዓመት ነው፤ ማዳም «እንግዶቹ ይሂዱ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ» አለችኝ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ሰልስቱም አርባውም አልፎ ነበር። ከዚያ ቤት ስወጣ ዳግመኛ በሰው ቤት እንደማላድር ማልኩ። አል ቁሰይስ ከጓደኛዬ ከሎዛ ጋር ቤድ ስፔስ፣ በጋራ ክፍል ውስጥ የአልጋ ቦታ፣ ያዝኩ፣ ጽዳት ኩባንያው ገባሁ፣ በአራተኛው ዓመት ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ለሱፐርቫይዘር የኩባንያ ኢሜይል ይሰጠዋል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ደስታዬ አድራሻውን እስካይ ነበር። አዲስ ሰርቨር ሲገባ የአስተዳደር ኃላፊው ፋሩቅ «የሁሉም አድራሻ አንድ ዓይነት ይሁን፣ መጀመሪያ ስምና የመጨረሻ ስም» ብሎ አዟል። ፋሩቅ ሶርያዊ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን መስመር የወጣ ነገር ያመዋል። ቸኮልም ማሽኗን ከፓስፖርት ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቃል እንድትወስድ አዘዛት። ሕንዱም ፊሊፒኑም ምንም አልሆነ። ሐበሻው ግን በአንድ ቀን የአያቱ ልጅ ሆነ። የእኔ ፓስፖርት «ብዙነሽ አንዳርጌ ጓንጉል» ይላል፤ ስለዚህ «ብዙነሽ ጓንጉል» ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ጓንጉል ማለት አባቴን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ጥሎ የጠፋ ሰው ነው። መልኩን አላውቀውም፣ ማወቅም አልፈልግም። ሄጄ ቸኮል ላይ ጮህኩበት።

«በሕይወቴ አንድ ጊዜ ቸኮልኩ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እኔም እየለቀምኩ ነው። አንድ በአንድ አስተካክላለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

ነገ! አገሬ መታወቂያ ለማደስ ስድስት ጊዜ «ነገ ተመለሺ» ተብያለሁ። ከዚህ ቃል ለመሸሽ ባሕር ተሻግሬ፣ ሙዋይለህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። በሩን ዘግቼበት ወጣሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው ትልቁን ደንበኛውን አጣ። ዐሥራ ሁለት ሱፐርቫይዘሮች በወር መጨረሻ እንደምንሰናበት ወረቀት ደረሰን። ሎዛ ስልኳን ይዛ ስትሯሯጥ አጅማን ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ረዳቶች እንደሚፈልግ አገኘችልኝ። ሥልጠናውም ቪዛውም ከእነሱ ነው። ሄድኩ፣ ቅጽ ሞላሁ፣ ቃለ መጠይቅ አደረግኩ። ሽማግሌዎቹን ባየሁ ጊዜ፣ አባቴን አላስታመምኩትም፣ እነዚህን ግን ማስታመም እችላለሁ አልኩ። ነርሷ ወደደችኝ። «ሰኞ ደብዳቤ እንልክልሻለን። ደብዳቤው ውስጥ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩን ጠቅሰሽ እስከ ሐሙስ ዐሥር ሰዓት በኢሜይል መልሺ። ካልመለስሽ ቦታው ለቀጣይዋ ይሰጣል» አለችኝ። ዐሥር ሰዓት ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ «በኢሜይል» ያለችው ግን ራሷ ናት።

ቅጹ ላይ የኩባንያውን አድራሻ ነው የጻፍኩት። ጂሜይል ማንም አለው፤ እኔ ባለ ቢሮ መሆኔን እንዲያዩልኝ ፈለግኩ። ኩራት ነው፣ አልክድም።

ሰኞ ደብዳቤ የለም። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ ደወልኩ፤ አንዲት ልጅ አንስታ «ተልኮልሻል፣ ኢሜይልሽን እዪ» ብላ ዘጋችው። ደግሜ ደወልኩ። «በስልክ ቁጥር አንሰጥም፣ አድራሻም አንቀይርም» አለች። ያን ዕለት የቤት ሠራተኛ የሚያስቀጥረው ኤጀንሲ ደግሞ «የምትሠሪላት ማዳም አግኝተንልሻል፣ ያላ፣ ወስኚ» የሚል መልእክት ላከልኝ።

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ፣ አውቶቡስ ይዤ፣ በአራት ሰዓት ቸኮል ክፍል ደረስኩ። ሰላምታም አልሰጠሁ።

«ጋሽ ቸኮል፣ ደብዳቤዬን ማሽንህ በላችብኝ!»

«ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! ዛሬ ዐሥር ሰዓት ያበቃል!»

«ቆመሽም ይቻላል» አለና መነጽሩን አወለቀ፣ አሸ፣ መልሶ አደረገ። «ቅጹ ላይ አድራሻሽን ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ስሜን ነዋ! ብዙነሽ አንዳርጌ—»

አፌ ላይ ቀረ። እጄ ራሱ ነበር የጻፈው። ስም ሲባል ስም ከነአባት ነው፤ ከፊደል ጀምሮ እንዲያ ነው የተጻፈው፣ እንዲያ ነው የተጠራው። ለጓንጉል ስል ቸኮል ላይ ጮኼ፣ በሩን ዘግቼ ወጥቼ፣ ቅጹ ላይ ግን ጓንጉል የሚባል ሰው መኖሩንም ረስቼ ነበር። ቁጭ አልኩ።

«ስለዚህ ደብዳቤው ማሽንህ ዘንድ መጣ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም ተባለ፣ ተመለሰ። አለቀ። ኸላስ።»

«አላለቀም» አለ ቸኮል። «የእኔ ማሽን የለም አትልም።»

«ታዲያ ምን ትላለች?»

ትንሽ አፈረ። «ነገ ተመለስ ትላለች።»

ልስቅ ነው ላለቅስ አላወቅሁም። እሱ ግን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አንድ ሰርቨር ለማያውቀው ስም ሁለት ዓይነት መልስ መስጠት ይችላል። «የለም» ካለ የላከው ሰርቨር ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ለጸሐፊው ይመልሳል። «አሁን አልተመቸኝም፣ ቆይተህ ተመለስ» ካለ ግን የላከው ሰርቨር ደብዳቤውን ራሱ ዘንድ አቆይቶ፣ እየደጋገመ ተመልሶ ያንኳኳል። አዲሱ ሰርቨር ሲገባ ቸኮል በራሱ ዝርዝር አልተማመነም። ሰውን ያለ እርግጥ «የለም» ማለት ከበደው። ስለዚህ ለማታውቀው ሁሉ «ተመለስ» እንድትል አደረጋት፤ እሱም በየቀኑ ያንኳኩትን ስሞች እያነበበ ሐበሻ ያገኘ እንደሆነ በወረቀት ጽፎ መስኮቱ ላይ ይለጥፋል፣ ባለቤቱን እስኪያገኝ። ቀና ብዬ አየሁ። መስኮቱ ላይ ስምንት ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ ስም የለበትም።

«የሰኞው የታል?»

«ከሐበሻው ጋር አንድ ሺህ የማስታወቂያ ቆሻሻ አብሮ ያንኳኳል፤ በእርሳስ ነው የምለየው» አለ። «ገና እሑድ ላይ ነኝ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው!»

«አውቃለሁ።»

ኡኡ አልኩ። እሱ ግን ስሜን አንድ ፊደል ሳይስት ጻፈና ማሽኗ የሚያንኳኳውን ሁሉ በምትጽፍበት መዝገብ ውስጥ ፈለገ። አለ! ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሃምሳ፣ ከአጅማን፣ «ለብዙነሽ አንዳርጌ» ተብሎ መጥቷል። «ተመለስ» ተብሏል። ከሩብ ሰዓት በኋላ መጥቷል፣ «ተመለስ»። ከሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም፣ ሦስት ቀን ሙሉ። የመጨረሻው ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ነው። ያ ምስኪን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ደጃፌን አንኳኩቷል! እኔ ደግሞ የለም ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ቸኮል በዝርዝሩ ላይ አንዲት መስመር ጨመረ። በግራ ብዙነሽ አንዳርጌ፣ በቀኝ የእኔ ሣጥን። «አሁን ቢመጣ ይገባል» አለ።

«ጥራው!»

«መጥራት አልችልም። ሲመጣ ነው። ከመጣ በስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነው።»

«ከመጣ ማለት?»

መልሱ ዘገየ። ቸኮል ሁሌም ይዘገያል፣ ይህኛው መዘግየት ግን ሌላ ነበር። «የሚልኩ ሰርቨሮች ትዕግሥት ይለያያል። አንዳንዱ አምስት ቀን ይሞክራል። አንዳንዱ ሦስት ቀን ብቻ። ሦስት ቀኑ የሞላው…» ሰዓቱን አየ፣ «ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው።»

ስልኬ ላይ የኤጀንሲው መልእክት ነበር፤ የወንበሩን ጫፍ ይዤ ተቀመጥኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ፋሩቅ በሩን ከፈተ። «ያ ቸኮል፣ ኸላስ? ያ ነገር ተዘጋ?» ሰኞ ዕለት መዝገቡ በማንኳኳት ብዛት ቀልቶ ስላየ፣ ለማይታወቅ ስም ሁሉ «የለም» ይባል ብሎ አዝዞ ነበር። ቸኮል ሦስት ቀን ሙሉ «ቡክራ፣ ኢንሻላህ» ሲለው ከርሟል። ቡክራ ማለት ነገ ማለት ነው። እኔ በዚያች ቃል ላይ የነበረኝን ቂም ያን ጊዜ ነው የተውኩት።

«ሙሽኪላ አለ» አለ ቸኮል፤ ችግር አለ ማለቱ ነው።

«ምን ሙሽኪላ? እነዚህ ስሞች ፓስፖርት ላይ የሉም። የሌለ ሰው የለም ይባላል።»

«አንተ ሰፈር ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራህ?»

ፋሩቅ ግራ ተጋባ። «አቡ ሳሊሕ። በልጄ ስም።»

«ፓስፖርትህ ላይ አቡ ሳሊሕ አለ?»

«የለም።»

«እናትህ ለአቡ ሳሊሕ ብለው ደብዳቤ ቢልኩ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም ብዬ ልመልስባቸው?»

ፋሩቅ መስኮቱን አየ፣ ወረቀቶቹን አየ፣ እኔን አየ። ዓይኔ ቀልቶ ነበር መሰለኝ። «ዋላሂ፣ አንተ ሰውዬ…» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እስከ እሑድ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ንጹሕ ይሁን።» በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እንዳልኳችሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ቸኮል ምሳውን አወጣ፤ ሩዝና ምስር። ለእኔ ግማሹን አካፈለኝ፣ አልበላሁም። እሱ አንዱን ማንኪያ ሩዝ ሲያኝክ አንድ የአውቶቡስ ጉዞ ያለቀ መሰለኝ።

«ጋሽ ቸኮል፣ እንዴት ነው የምትበላው?»

«በአፌ» አለኝ።

ስድስት ሰዓት ከሃምሳ። ሁለታችንም መዝገቡ ላይ አፈጠጥን። መስመሮች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የሰዓት ማስታወቂያ፣ የቪላ ማስታወቂያ፣ ከወዴት እንደሆነ የማይታወቅ ቆሻሻ። ከአጅማን ምንም የለም። ስድስት ከሃምሳ አምስት። ምንም። ሰባት ሰዓት። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩበትም። አል ማምዛር ያለው ቤት፣ የምድር ቤቱ ክፍል ታየኝ፤ «ቡቡ!» የሚለውን ድምፅ ሰማሁት።

«ሦስት ቀን ነበር ማለት ነው» አልኩ።

«ዛሬ የለም ማለት የለም ማለት አይደለም» አለ ቸኮል። የአባቱን ቃል ነው። ግን እጁን አየሁት፤ ባዶ ማንኪያ ወደ አፉ ይወስድ ነበር። ያኔ ነው እሱም እንደኔ እንደጨነቀው የገባኝ። ይህ ሰው ቀርፋፋ አይደለም፤ ፈሪ ነው። በእሱ ችኮላ የሰው ደብዳቤ እንዳይጠፋ የሚፈራ ሰው ነው።

ሰባት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ከአጅማን የመጣች አንዲት መስመር ብቅ አለች። ለብዙነሽ አንዳርጌ። ማሽኗ ዝርዝሩን አየች፣ በግራ ያለውን ስም በቀኝ ባለው ተካች፣ «ገብቷል» አለች። አለቀ። ሦስት ቀን የተንከራተተ ደብዳቤ ዓይን እስኪጨፈን ባለ ጊዜ ውስጥ ገባ።

ቸኮልን አቀፍኩት። ሩዙ ተደፋ።

ሣጥኔን በጎን ባለው ኮምፒዩተር ከፈትኩ። ቸኮል ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ፖስታውን እንጂ ውስጡን አላይም» አለ። ደብዳቤው ተቀብለንሻል ይላል። ቁጥሩ አለ። መልሱን ጻፍኩና ልልክ ስል፣

«አትላኪ!» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«ምነው!»

«አሁን ብትልኪው በሩ ላይ ጓንጉል ሆነሽ ነው የምትወጪው። እነሱ ቅጽ ላይ ያለው አንዳርጌ ነው። ማንነትሽን ባያውቁስ?»

እውነቱን ነው። ሁለተኛው ዝርዝር፣ የሚወጣው፣ አሁንም የአያቴን ስም ነው የሚያለብሰኝ። ቸኮል ዞሮ አዲስ መስመር መጻፍ ጀመረ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው። «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል፣ ሰዓቱ!» እያልኩ ትከሻው ላይ ቆምኩ። ጻፈ፣ መጀመሪያ ለራሱ የሙከራ ደብዳቤ አስላከኝ። ሲደርሰው ላኪው ብዙነሽ «አንድራጌ» ይላል። በእንግሊዝኛው ሁለት ፊደል ቦታ ተቀያይሯል።

«የቸኮለ…» አለ፣ ገልመጥ አድርጎኝ።

«አፍሶ ለቀመ» ብዬ ጨረስኩለትና ወደ ኋላዬ ሄጄ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላጣድፍ ጠበቅሁ። አስተካከለው። ደግመን ሞከርን። ላኪ፦ ብዙነሽ አንዳርጌ። ስክሪኑን አየሁት። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ስሙን በጣት አሻራ ነው የሚፈርመው። እነሆ ስሙ ከሙዋይለህ ወደ አጅማን ሊሄድ ተሰናድቷል።

ላክሁት። ስምንት ሰዓት ነበር።

ቸኮል በዚያች ሰዓት ሥራ አልፈታም። የእሑዱን ዝርዝር ትቶ ከሰኞ ጀምሮ እስከዚያን ሰዓት ያንኳኳውን ሁሉ አብረን አየን፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ስድስት ተጨማሪ ሐበሻ አገኘን። አንደኛዋ ሰሚያ ናት፣ የባንክ ደብዳቤዋ ነው። አንዱ ኢዩኤል የሚባል፣ ከማን እንደሆነ አላየንም፣ ግን በየሰዓቱ ያንኳኳል፣ ፍቅር ሳይሆን አይቀርም ብለን ሳቅን። የእኔንም ስም ቸኮል እንደ ሌሎቹ በወረቀት ጽፎ መስኮቱ ላይ ለጠፈው። ወረቀት ያልተለጠፈለት ሰው ደብዳቤ ደረሰው አይባልም አለኝ።

ስምንት ሰዓት ከግማሽ ላይ ሣጥኔ ውስጥ አዲስ ደብዳቤ ገባ። ከአጅማን ነው። ቀስ ብዬ ከፈትኩት። መጀመሪያው መስመር ላይ «ውድ ወይዘሪት አንዳርጌ፣ መልስዎ ደርሶናል» ይላል። የፈረንጁ ሥርዓት ነው፣ በሁለተኛው ስም ይጠራሉ። እኔን በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም። ቡቡ ተብያለሁ፣ ጓንጉል ተብያለሁ።

«አቤት!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ቸኮል ከመስኮቱ ዞረ። «ማን ጠራሽ?»

«አባቴን ነው የጠሩት» አልኩት።

እሱም ሳይቸኩል ተነሥቶ፣ የእኔን ወረቀት ጠርዙ እንዳይቀደድ በጥፍሩ እያላቀቀ ከመስኮቱ አነሣና ሰጠኝ። ወረቀቱ አሁን አጅማን በምሠራበት የአረጋውያን ቤት፣ የልብስ ሣጥኔ በር ላይ ተለጥፏል።